ተራ ያልተሰጣቸው ልጆች፤ የተማሪ አውቶቡስ ለምን ቢጫ ይቀባል?

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ የቆመ ሰው መንገዱ የማን እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል። ከአውቶቡስ ተራ በኩል ቅጥቅጡና ሚኒባሱ እየተጋፋ ይመጣል። አይሱዙው የጫነውን ሊያራግፍ ኋላውን ሰጥቶ ወደ ሱቆቹ ያፈገፍጋል። ተሸካሚው ከቁመቱ የሚበልጥ ማዳበሪያ ጀርባው ላይ አዝሎ «ዞር በሉ!» እያለ ሕዝቡን ይሰነጥቃል። ባለፈው ሳምንት በዚህ መሀል አንድ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ጥግ መያዝ አቅቶት መንገዱ ላይ ቆመ። ከፊት መስታወቱ ውስጥ፣ ታፔላ በሚሰቀልበት ቦታ፣ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ተደጋግሞ የደመቀ «የተማሪ ሰርቪስ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ረዳቱ በሩን በርግዶ ወረደና አንድ እጁን ወደሚመጣው አይሱዙ ዘረጋ፤ በሌላው እጁ ቡኒ ሹራብ የለበሰች ሕፃን ክንድ ይዞ አሻገራት። አይሱዙው ቆመ። ያቆመው ወረቀቱ አልነበረም፤ ያን ወረቀት ሹፌሩ ካለበት ሆኖ ሊያነበው አይችልም። የቆመው ለረዳቱ እጅ ነው።

ይህን ያነሣሁት ከወላጆች ጋር በተገናኘሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ስለሚገጥመኝ ነው። «የእኛ ሰርቪሶች እንደ አሜሪካኖቹ ለምን ቢጫ አይቀቡም?» ይባላል። መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ወገን «ፊልም ላይ ያየነውን ሁሉ ካላመጣን ማለት ምን ይሉታል? ቀለም ልጅ አያድንም» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሌላው ወገን ደግሞ «ቢጫ ከሁሉም ቀለም አብልጦ እንደሚታይ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው፤ ቀብተን እንገላገል» ይላል። ሁለቱም ቀለሙን በቀለምነቱ ብቻ ነው ያዩት። ቢጫ አውቶቡስ ልጆችን የጠበቀላቸው አገሮች ቀለሙን ለልጆች ብቻ ለይተው አስቀምጠዋል፤ ከቀለሙም ጋር ሌላውን አሽከርካሪ ሁሉ የሚይዝ ግዴታ አስረዋል። ይህን ትተን ቀለሙን ብቻ ነጥለን ብንወስድ እጃችን የሚገባው አንድ ጣሳ ቀለም ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ሰባት ቀን የፈጀ ስብሰባ

ነገሩ የተቆረጠው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1939፣ በእኛ አቆጣጠር በ1931 ዓ.ም. ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ፕሮፌሰር የነበሩት ፍራንክ ሲር በዘመኑ ከነበሩት 48 የአሜሪካ ግዛቶች የትምህርት ኃላፊዎችን፣ ከአውቶቡስ አምራቾችና ከቀለም ፋብሪካ ባለሙያዎች ጋር ኒው ዮርክ ላይ ሰበሰቡ። ወጪውን የሸፈነው ከሮክፌለር ፋውንዴሽን የተገኘ 5,000 ዶላር ነበር። ሰውየው የኔብራስካ ገጠር ተወላጅ ናቸው። ከስብሰባው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ተማሪ በምን እንደሚጓጓዝ ሲያጠኑ ያገኙት ነገር ከዛሬዋ አዲስ አበባ እምብዛም አይርቅም። አንዱ ወረዳ በጭነት መኪና፣ ሌላው በተገኘው አውቶቡስ፣ ካንሳስ ውስጥ ደግሞ ስንዴ በሚጫንበት የፈረስ ጋሪ ተማሪ ይመላለስ ነበር። ቀለሙም እንደ ባለቤቱ ፈቃድ ነው። ልጆቹ አገራቸውን እንዲወዱ በማለት አውቶቡሱን በሰንደቅ ዓላማው ቀለሞች በቀይ፣ በነጭና በሰማያዊ ያስዋበ ወረዳ ሁሉ ነበር። የአገር ፍቅሩ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ከሩቅ ለሚመጣ አሽከርካሪ ያ አውቶቡስ ምን እንደጫነ የሚነግረው ነገር አልነበረም።

ስብሰባው ሰባት ቀን ፈጀ። ግድግዳው ላይ ከሎሚ ቢጫ ጀምሮ ወደ ቀይ እስከሚያደላ ብርቱካናማ ድረስ 50 ያህል ናሙናዎች በተርታ ተሰቀሉ፤ ከተሰብሳቢዎቹ ጥቂቶች ተመርጠው ከመካከሉ እንዲለዩ ተደረገ። የተመረጠው ወደ ብርቱካን ያዘነበለ ቢጫ ነው። ዋናው ምክንያት በላዩ የሚጻፈው ጥቁር ፊደል ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ብርሃኑ ሳይጠና፣ ከሩቅ መነበቡ ነበር። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ስብሰባው ያወጣቸው ደረጃዎች 44 መሆናቸውን ነው። ከእነዚህ አንዱ ቀለሙ ነው። የቀሩት የአካሉን ርዝመት፣ የጣሪያውን ከፍታ፣ በወንበሮቹ መካከል ያለውን መተላለፊያ ስፋትና የመሳሰለውን ይመለከታሉ። ቢጫው ዓለም ላይ ገንኖ ሲታወቅ ሌሎቹ ተረሱ፤ እኛም የምንጠይቀው ስለ አንዱ ብቻ ሆነ። ያም ሆኖ ቀለሙ በአንድ ጀምበር አልጸደቀም። የመጨረሻዋ ግዛት ሚኒሶታ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ይህም ማለት 35 ዓመት ፈጅቷል።

በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ቀለሙ ጓደኞች አገኘ። አውቶቡሱ ተማሪ ሊያወርድ ወይም ሊጭን ሲቆም ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከጎኑም «ቁም» የሚል ክንድ ይዘረጋል። ያን ጊዜ አልፎት የሚሄድ አሽከርካሪ በሁሉም ግዛት ሕግ ተላላፊ ነው። በብዙ ግዛቶች ደግሞ አውቶቡሱ አርጅቶ ለሌላ ሥራ ከተሸጠ ገዢው ቀለሙን የመቀየር ግዴታ አለበት። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን የነገሩ ቁልፍ እሱ ነው። ቀለሙ የባለመኪናው ንብረት አይደለም ማለት ነው፤ የልጆቹ ነው፤ ልጆቹ ሲወርዱ ቀለሙም ይወርዳል።

ያ ስብሰባ በተካሄደበት ዓመት እዚህ ምን ይሠራ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። አዲስ አበባ በፋሺስት ኢጣሊያ እጅ ነበረች። ወራሪው ነዋሪውን በቆዳ ቀለም ለይቶ፣ የአራዳ ጊዮርጊሱን ገበያ ነቅሎ «ለአገሬው ሰው» ብሎ ወደ ምዕራብ የገፋው፣ የዛሬዎቹን መርካቶንና አዲስ ከተማን የቀየሰው በእነዚያው ዓመታት ነው። እንግዲህ ቀለም ሰውን ለማግለልም ልጅን ለመጠበቅም ይውላል። የሚለያየው ሸክሙ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ ነው። ፋሺስቱ ሸክሙን በተጠቃው ላይ ጫነ፤ የተማሪ አውቶቡስ ቀለም ሸክሙን የሚያኖረው ፍጥነትና ጉልበት በያዘው ባለመኪና ላይ ነው። ልጅቷ እንድትጠነቀቅ አይጠይቃትም። ሹፌሩን ነው የሚጠይቀው።

ዓይን ያያል፤ ማወቅ ግን ሌላ ነው

«ቢጫ ከሁሉም አብልጦ ይታያል» የሚለው ወገን ከእውነት አልራቀም። በቀን ብርሃን የሰው ዓይን አብልጦ የሚነቃው በ555 ናኖሜትር አካባቢ ላለው፣ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ለሚያደላው ብርሃን ነው። ብርሃን ሲደክም ደግሞ ሚዛኑ ይቀየራል። ቦሔሚያዊው ሊቅ ያን ፑርኪንዬ እ.ኤ.አ. በ1819 አካባቢ እንዳስተዋለው፣ ሲመሽና ሲነጋ ቀይ ከሌሎቹ ቀለሞች ቀድሞ ይጠቁራል። ይህን ለማመን የሚቸገር ሰው አመሻሽ ላይ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን የምትመለስ ባለ ቀይ ጥለት ነጠላ እናት ሲያይ ልብ ይበል። ነጩ ሸማ ገና እየታየ ጥለቱ ከሰል ይመስላል። በተጨማሪም ፊት ለፊቱን የሚያይ አሽከርካሪ በዓይኑ ጠርዝ በኩል ብቅ የሚል ቢጫን ከቀይ ቀድሞ ያስተውላል። ስለዚህ ከቀይና ከቢጫ ምረጡ ብንባል ምርጫው ግልጽ ነው።

ግን የእነሱን ጥያቄ ከእኛ ጥያቄ ጋር ማምታታት አይገባም። እነሱ ይፈሩ የነበረው የሰሜኑን ክረምት፣ ልጅ ገና በጨለማ መንገድ ዳር ቆሞ አውቶቡስ የሚጠብቅበትን ጠዋት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትወጣው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ልጆቻችን መንገድ ሲወጡ አብዛኛውን ጊዜ ነግቷል። ጎጃም በረንዳ ላይ ልጅን የሚሰውራት ግርግሩ ነው። የቆመ መኪና፣ የተከመረ ጆንያ፣ የተዘረጋ ሸራ፣ ተሸካሚ፣ ባለጋሪ፣ ሻጭና ለቃሚ በአንድ ላይ በሚተራመሱበት ቦታ ሹፌሩ ልጅቷን አላያትም ማለት ይከብዳል። አይቷታል፤ ከሌላው ሁሉ ለይቶ የሚያይበት ምክንያት ግን አልተሰጠውም። ለዚህ ደግሞ የሞገድ ርዝመት መፍትሔ አይሆንም።

የእሳት አደጋ መኪና ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። አሜሪካ ውስጥ እስቲፈን ሰሎሞን የተባሉ የዓይን ባለሙያ ከአጋራቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት፣ ዳላስ ከተማ ውስጥ የሎሚ ቢጫ የተቀቡ የእሳት አደጋ መኪኖች ከቀዮቹ ያነሰ ግጭት እንደሚደርስባቸው አሳዩ። ብዙዎች «እንግዲህ ተፈታ» አሉ። ይሁን እንጂ የአገሪቱ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 ጉዳዩን መልሶ ሲያየው ሚዛኑን ያደላው ወደ ሌላ ነገር ነው፤ ሕዝቡ ያን ቀለም ሲያይ «ይህ የእሳት አደጋ መኪና ነው» ብሎ የማያውቀው ከሆነ የቀለሙ ድምቀት ብቻውን ብዙ አያራምድም። ቀይን የለመደ ሕዝብ የሎሚ ቢጫ መኪና ሲያይ ማየቱን ያያል፤ መንገድ መልቀቁን ግን ላያስታውሰው ይችላል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ሰማያዊው ሠርቷል፤ ቢጫው ተበትኗል

አዲስ አበባ ቀለምን እንደ ሕግ ማንበብ ያቃታት ከተማ አይደለችም። ከሴይቼንቶ እስከ ላዳ፣ ከላዳ እስከ ዛሬው ሚኒባስ፣ ሰማያዊና ነጭ ማለት ታክሲ ማለት ነው። ከጎጃም ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ መንገደኛ አውቶቡስ ተራ ወርዶ ጓዙን ሳያሳርፍ የሚማረው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም፤ በሁለተኛው ቀን እጁን ለሰማያዊና ነጭ ያነሣል። የለመድነውን የሰሌዳ ሥርዓት ተመልከቱ። ኮድ 1 ቀይ የታክሲ፣ ኮድ 2 ሰማያዊ የግል፣ ኮድ 3 አረንጓዴ የንግድ፣ ኮድ 4 ጥቁር የመንግሥት መሆኑን የመርካቶ ደላላ ቁጥሩን ሳያነብ በቀለሙ ይነግርሃል። በጎጃም በረንዳ ስም የተሰየመ ጣቢያ ያለው የሰሜን ደቡብ ቀላል ባቡር ሰማያዊ፣ የምሥራቅ ምዕራቡ አረንጓዴ መሆኑንም ተሳፋሪው ያውቃል። ስለዚህ «ሕዝቡ አይገባውም» የሚለው ሰበብ አይሠራም። ሕዝቡ የሚገባው አንድ ቀለም አንድ ነገር ብቻ ሲናገር ነው።

ቢጫውን ግን በየቦታው በትነነዋል። አንበሳ አውቶቡስ ከቀይ ጋር አጣምሮ ይለብሰዋል። የሜትር ታክሲ ይለብሰዋል። ግሬደሩና ሎደሩ ቢጫ ነው፤ ውሃ የምንቀዳበት ጄሪካን ቢጫ ነው። በከተማዋ ለተማሪዎች የተመደቡ ቢጫ አውቶቡሶች ታይተዋል፤ አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶችም የራሳቸውን ቢጫ ቀብተዋል፤ ሌሎቹ ነጭ፣ ሌሎቹ ደግሞ ከዩኒፎርማቸው ጋር የሚሄድ ቀለም መርጠዋል። የሁሉም ፍላጎት ቅን ነው። ድምሩ ግን ሲታይ፣ ቢጫ ባየ ቁጥር እግሩ ወደ ፍሬን የሚሄድ ሹፌር በከተማችን የለም። ሊኖርም አይችልም፤ ቢጫው አንድ ጊዜ ታክሲ፣ አንድ ጊዜ ዶዘር፣ አንድ ጊዜ ሕፃን ሆኖበታል።

መርካቶ ለዚህ መልስ አላት። ይህ ገበያ በስፋቱና በሰው ብዛቱ ተራብሾ ያልጠፋው በአንድ ጥበብ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ተራ ሰጥቶታል። ሸማ የሚፈልግ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ የሚፈልግ ቆርቆሮ ተራ፣ ያገለገለ ዕቃ የሚፈልግ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። እህሉ እህል በረንዳ አለው፤ ጎጃም በረንዳም ከዚያ አገር የሚመጣውን ነጋዴና መንገደኛ በስሙ ያስታውሳል። ተራ የተሰጠው ነገር ይታወቃል፣ ይፈለጋል፣ ይጠበቃል። ተራ አስከባሪም አለው። በዚህ ሁሉ ተራ መሀል በየቀኑ ጠዋትና ማታ የሚያልፉት ልጆች ግን መንገዱ ላይ ተራ የላቸውም። የተማሪ አውቶቡስ ቀለም በእኔ እይታ ሌላ ትርጉም የለውም፤ በሚንቀሳቀስ መንገድ ላይ ለልጆች የተሰጠ፣ አብሯቸው የሚጓዝ ተራ ነው።

«ቀኑን ሙሉ ማን ይሳፈርልኛል?»

በዚያ ጠዋት ያየሁት ሹፌር ልጆቹን አድርሶ ሲመለስ አገኘሁት። መኪናውን ጥግ አስይዞ ሻይ በብርጭቆ ይዞ ቆሟል። መስታወቱ ላይ የነበረው ወረቀት ተነሥቷል፤ አጣጥፎ ከፀሐይ መከላከያው ሥር ሰክቶታል፤ በቦታው የመስመሩ ታፔላ ተመልሷል። «ወንድሜ፣ ለምን ቢጫ አትቀባትም?» አልኩት። «ጋሼ፣ እሷ እኮ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ታክሲ ናት» አለኝ። «ቢጫ ከቀባኋት ቀኑን ሙሉ ማን ይሳፈርልኛል? ተቆጣጣሪውስ ያሳልፈኛል?»

ከሁሉም ተቃውሞ ይልቅ ይህ ከበደኝ። ለተማሪ ብቻ የተመደበ መኪና ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ሠርቶ የቀረውን ቀን ቆሞ ይውላል፤ ክረምቱን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይቆማል። ይህን የሚችለው ከፍተኛ ክፍያ የሚያስከፍል ትምህርት ቤት ነው። የበረንዳው ነጋዴ፣ የሱቁ ተቀጣሪ፣ ሻይ የምታፈላው እናት ለወር ኮንትራት የምትከፍለው ሚኒባሱ በቀን ታክሲ ሆኖ ስለሚሠራ ብቻ ነው የሚበቃው። «ያልተቀባ ተማሪ አይጭንም» የሚል መመሪያ ነገ ቢወጣ ባለሀብቱ ትምህርት ቤት ይቀባል፤ የድሃው ልጅ ሚኒባስ ይቀራል። ልጁ ወይ በእግሩ ይሄዳል፣ ወይ ደግሞ ተደብቆ በሚጭን፣ ማንም በማይቆጣጠረው መኪና ውስጥ ይታጎራል። ያን ጠዋት ከሚኒባሷ የወረዱትን ስቆጥር ከሃያ አልፈዋል፤ ወንበሩ ለ12 ሰው ነው። አንዱ በሌላው ጭን ላይ፣ ሁለቱ ትንንሾች ከረዳቱ እግር ሥር ነበሩ።

መጨናነቁ ቀለሙን ሊያስረሳን አይገባም፤ ቀለሙም መጨናነቁን። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 በቻይና ጋንሱ ክፍለ ሀገር ዘጠኝ ሰው ብቻ እንዲጭን የተሠራ የመዋዕለ ሕፃናት መኪና 64 ሰው አጭቆ ሲሄድ ከከባድ መኪና ጋር ተጋጭቶ 21 ሰዎች ሞቱ፤ 19ኙ ሕፃናት ነበሩ። መንግሥቱ በተከታዩ ዓመት የተማሪ መኪና ደኅንነት ደንብ አወጣ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ደንቡ ከቀለም በፊት መቀመጫ መቁጠር እንዳለበት ነው። ቀለም የሚሰጠው ለተቆጠረ መኪና ይሁን። ሲርና ባልደረቦቻቸው ቀለሙን ከመተላለፊያው ስፋትና ከጣሪያው ከፍታ ጋር በአንድ ሰነድ ያኖሩት በከንቱ አልነበረም።

ለሹፌሩ ጥያቄ ደግሞ ሕንድ ያደረገችው ይጠቅመናል። የትምህርት ቤት የሆነው አውቶቡስ ወርቃማ ቢጫ ይቀባል፤ በኮንትራት የተያዘው ግን መኪናው ሳይቀባ በትምህርት ቤት ሥራ ላይ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ከፊትና ከኋላ ይሰቅላል። እኛ ለዚህ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልገንም፤ ታፔላ አለን። የከተማው ታክሲ ያለ ታፔላ መስመር ላይ አይወጣም፤ ሹፌሩም ተቆጣጣሪውም ተሳፋሪውም ታፔላ ምን እንደሆነ ያውቃል። ለተቆጠረና ለተመረመረ ኮንትራት ሚኒባስ ከፊትና ከኋላ የሚሰቀል፣ ከደብተር ወረቀት የሚሰፋ፣ ቢጫ መደብ ላይ በጥቁር ጉልህ የአማርኛ ፊደል «ተማሪ» የሚል ታፔላ ይሰጠው። በጠዋቱና በመውጫው ሰዓት ይሰቀል፤ ልጆቹ ሲወርዱ ይውረድ። ያን ታፔላ ልጅ ሳይጭን የሰቀለ ይቀጣ፤ ያ ታፔላ ያለበት መኪና ልጅ ሲያወርድ አልፎ የሄደ ደግሞ የበለጠ ይቀጣ። ከዚህ በኋላ ነው ትልልቆቹን አውቶቡሶች ወጥ በሆነ አንድ ቢጫ መቀባት ትርጉም የሚኖረው።

ስለ ቀለሙ ራሱም አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው የአውቶቡስ ቢጫ ስሙም «ክሮም» የነበረው ከእርሳስ ክሮሜት ስለሚሠራ ነው። እርሳስ ደግሞ ከሁሉ የሚጎዳው የሕፃናትን አእምሮ ነው። አገራችን በ2010 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚገኘው የእርሳስ መጠን ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ወስናለች። ስለዚህ ጋራዥ ያለ ወንድማችን ቢጫ ሲበጠብጥ የጣሳውን ጀርባ ያንብብ፤ ትምህርት ቤቱም ይጠይቀው። ልጅን ከመኪና ለማዳን የተቀባ በር፣ ልጅ እጁን አሳርፎበት ያን እጁን ወደ አፉ የሚወስድበት በር መሆኑ መረሳት የለበትም።

በእግሩ የሚመጣውስ?

«የመርካቶ ልጅ አብዛኛው በእግሩ ነው የሚሄደው። ስለ ሰርቪስ ቀለም ከማውራት ዜብራውን አታስቀቡም?» የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ በመኪና አደጋ በዓመት አራት መቶና ከዚያ በላይ ሰው የቀበረችባቸው ዓመታት ሩቅ አይደሉም፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹም እግረኞች ናቸው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ያለ ማመንታት ለእግረኛው እል ነበር። ከትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ፍጥነት የሚገታ ጉብታ፣ የሚታይ ዜብራ፣ ሸቀጥ ያልተዘረጋበት የእግረኛ መንገድ ይቅደም። አንድ ሠፈር ውስጥ የሚያልፉ ልጆች ሁሉ እኩል ናቸው፤ በኮንትራት የሚመጣው ከሚራመደው የበለጠ ዋጋ የለውም።

ነገር ግን ሁለቱ የሚለያዩ አይመስለኝም። ሰርቪስ የሚሳፈር ልጅ እግረኛ የማይሆንበት ቀን የለም። ከመኪናው በር እስከ ትምህርት ቤቱ በር፣ ከመኪናው በር እስከ እናቱ ሱቅ በእግሩ ነው። ከሰርቪስ ጋር የተያያዘ አደጋ የሚያይለውም ልጁ በሚወርድበትና በሚሳፈርበት ደቂቃ ነው፤ ከመኪናው ፊት ብቅ ብሎ ሲሻገር ከኋላ የሚቀድመው መኪና ያገኘዋል። አንድ ሹፌር ለቢጫው ታፔላ መቆምን ከለመደ፣ ዜብራ ላይ ለቆመ ባለ ዩኒፎርም ልጅ መቆምንም ቀስ በቀስ ይለምዳል። እግሩ የሚማረው አንድ ነገር ነው። ታፔላ ለመሥራትም የከተማውን የዜብራ በጀት መንካት አያስፈልግም።

የሚከብደው ቦታው ነው። ታፔላው ቢሰቀልም ሚኒባሱ ጥግ የሚይዝበት ካጣ መንገድ መሀል ያወርዳል። ጎጃም በረንዳ ላይ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል አይሱዙ የማይራገፍበት፣ ሸራ የማይዘረጋበት፣ ከሦስት ሚኒባስ የማይበልጥ ርዝመት ያለው ጥግ መለየት ይቻላል። ነጋዴው ይቆጣ ይሆናል፤ ለአንድ ሰዓት ተኩል የሚታጣ ማራገፊያ ለእሱ ገንዘብ ነው። ግን እነዚያ ልጆች ከማርስ አልመጡም፤ የእሱና የጎረቤቱ ልጆች ናቸው። በየታክሲ ተራው ያሉት ተራ አስከባሪዎች ይህን ጥግ ለመጠበቅ ከማንም የተሻሉ ናቸው። ሥራቸው ነው፤ ድምፃቸውም ይሰማል፤ የሠፈሩን ልጅ ሁሉ በስም ይጠሩታል።

ይህን ሁሉ ለሹፌሩ ነገርኩት። ሻዩን ጨርሶ ብርጭቆውን መለሰ። «ታፔላውን ከሰጡኝ ነገ ጠዋት እሰቅላለሁ፤ ወንበርም ይቁጠሩ፣ ሌላ ዙር እመላለሳለሁ» አለኝ። ከዚያ ወደ መንገዱ እያየ «ግን አይሱዙው ይቆማል?» ብሎ ጠየቀኝ። ከኋላው በሩ ላይ የተንጠለጠለው ረዳት ነው የመለሰለት።

«እስኪለምድ እኔ አለሁ» አለ።